የጎተራው ቦታ

ለውጥ መጣ ከተባለበት ዓመት ጀምሮ ሥራዬ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ነበር። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በአንድ ጫማ ቤትና በአንድ ዓሣ ጥብስ ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና ወረቀት በነከሰ ቁጥር የሚያጓራ አንድ ትልቅ ኮፒ ማሽን ነበረን። ባለቤቱ ደሴ ስለሚኖር ቁልፉም ሥራውም እኔ እጅ ላይ ነበር። ባለጉዳይ ይመጣና «ዋናውንና ኮፒውን አምጣ አሉኝ» ይላል። እኔም ዋናውን መስታወቱ ላይ ገልብጬ አስተኛውና ኮፒውን አወጣለታለሁ። በቀን መቶ ጊዜ ያንኑ ሳደርግ ከርሜ ለኮፒ የነበረኝ ንቀት ልክ አልነበረውም። የሰው ወረቀት እየገለበጥኩ እንጀራ የምበላ ሰው፣ ከማንም ያልተገለበጠ አንድ የራሴ ነገር እንዲኖረኝ አጥብቄ እመኝ ነበር። ብታምኑም ባታምኑም እሱን ነገር ያገኘሁት የስልክ ጨዋታ ውስጥ ነው።

ጨዋታውን «ሰፈራ» እንለው ነበር። እውነተኛ ስሙ የፈረንጅ ስለሆነ ለአፋችን አልተመቸም። ስሙን ስንጠራ የሰሙ ትልልቅ ሰዎች ፊታቸው ይጠቁር ነበር፤ እነሱ የሚያውቁት ሰፈራ ሌላ ነው። የእኛው ሲጀመር አምስት ስደተኛ፣ አንድ እሳትና ጥቂት እንጨት ይሰጣል። ከዚያ ቤት ትሠራለህ፣ አጥር ታጥራለህ፣ ከብት ታረባለህ፣ ለመንገደኛ ማረፊያ ትቀልሳለህ፣ ጎተራ ትሞላለህ። የበረዶው ወራት ሲመጣ ጎተራው ባዶ ከሆነ ሰዎችህ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ትልቁ ጣጣ ግን በረዶው ሳይሆን ሌላው ተጫዋች ነው። ስልክህን ኪስህ ከትተህ ሥራህ ላይ ሳለህ ከሌላ ከተማ፣ ከሌላ አገር ሰው መጥቶ ይወርርሃል። ለወራሪው የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ከላይ ሲታይ ጣራው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጎተራህ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሰብሮ ሲገባ ነው። በሦስት ደቂቃ ካገኘው የዓመት ቀለብህን ጭኖ ይሄዳል፤ ካላገኘው ባዶ እጁን ይመለሳል። እንግዲህ የጨዋታው ብልሃት በሙሉ አንዲት ጥያቄ ናት፤ ጎተራውን የት ታስቀምጠዋለህ?

ሐይቅ ውስጥ የምንጫወት አሥራ ሁለት ነበርን። አስተማሪ ነበር፣ የባንክ ጥበቃ ነበር፣ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ዓሣ ተረክባ ከሰዓት ስልኳ ላይ የምታፈጥ ነጋዴ ነበረች። ማኅበር መሥርተን እርስ በርስ ላንወራረር ተማምለናል። የሁሉም ሰፈር ግን ቁርጥ አንድ ነበር። ፈረንጆቹ በቪዲዮ ያሳዩትን ነው ሁሉም የሚሠራው፤ ጎተራው መሐል፣ ዙሪያውን ቤቶች፣ ከዚያ አጥር፣ ከዚያ ሌላ አጥር። ወራሪውም ያንኑ ቪዲዮ አይቶ ስለሚመጣ ቀጥ ብሎ መሐሉን ይመታል። ተዘርፈው ሲያበቁ እንደገና ያንኑ መልሰው ይሠራሉ። ለምን አትለውጡትም ብዬ ብጠይቅ አስተማሪው ይሄ የተፈተነ ነው አለኝ። ተፈትኖ የወደቀ መሆኑን ልነግረው ፈልጌ ለዕድሜው ስል ተውኩት።

ክረምት ፍርድ ቤት ሲዘጋ ባለጉዳይ ይጠፋል። በአንድ ዝናባማ ከሰዓት ብቻዬን ተቀምጬ ሰፈሬን አፈረስኩት። መሐሉን ባዶ ቤቶች ሞላሁበትና ጎተራውን ከበሩ አጠገብ፣ ከብቶቹ በረት ሥር ቀበርኩት። ጨዋታው ጎተራን ከሌላ ግንባታ ሥር መቅበር ይፈቅዳል፤ እጥፍ ስለሚያስከፍል ግን የሚያደርገው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ሦስት ወራሪ መጣ። ሦስቱም ከበሩ እንደገቡ በከብቶቹ አጠገብ እየሮጡ አልፈው መሐሉን ሲያፈራርሱ ሦስት ደቂቃቸው አለቀ። ወሩ እስኪያልቅ አንድም ሰው አላገኘውም። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ወረቀት ከመሙላቴ በፊት «ወረራው ከሽፏል» የሚለውን ዝርዝር ቁልቁል ሳነብ የሚሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ጎኔ ላይ ክንፍ ሊበቅል ምንም አልቀረውም። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባል የለ፣ እኔም ምንጬን እያመሰገንኩ ከረምኩ። እንዴት አድርገሽ ነው ሲሉኝ ለማኅበሬ እንኳ አልነገርኩም።

ውጫሌ ላይ ባጃጅ የሚነዳ የአክስት ልጅ አለኝ። አያታችን ሁለት ሴት ልጆች አሳድገው አንዷን ለእስላም፣ አንዷን ለክርስቲያን ዳሩ። እኛ አገር ይሄ ወሬ አይሆንም። እሱ ከእስላሟ፣ እኔ ከክርስቲያኗ ነን። በስድስት ወር ስለሚበልጠኝ ዕድሜ ልኩን ታላቅሽ ነኝ እያለ ይመጻደቅብኛል። ከባጃጁ አምባሰል ቅኝት ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም፤ ራሱም አብሮ ያንጎራጉራል፣ ድምፁ ግን ለባጃጁ ጥሩምባ ይቀርባል። በዒድ ማር ይዞልኝ ሐይቅ ይመጣል። እኔ ደግሞ በፋሲካ ለአክስቴ ቤት በእግሩ የሚቆም ዶሮ እልካለሁ፣ እዚያው ቢስሚላሂ ብለው እንዲያርዱት። ወንድም ስለሌለኝ ወንድሜ ማነው ብባል የምጠራው እሱን ነበር። ሰፈራንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ከውጫሌ ጓደኞቹ ጋር የራሱን ማኅበር አቋቋመ።

አንድ ቀን የእኛ ማኅበር ከውጫሌ ሰፈሮች አንዱን ወረረ። እንደ ልማዳችን መሐሉን መታን፣ ባዶ። ጎኑን ብንመታው ባዶ። ሰከንዶቹ እያለቁ ሳለ በንዴት ከበሩ አጠገብ ያለውን በረት ሰበርኩት። ጎተራው ከሥሩ ነበር። ደሜ ራሴ ላይ ወጣ። ሁለተኛውን የውጫሌ ሰፈር ወረርን፣ እሱም ያው። ሦስተኛው የአክስቴ ልጅ ነበር፤ በሩ፣ በረቱ፣ ከሥሩ ጎተራው፣ ሁሉም የእኔ ነው። ከእኔ ማሽን የወጣ ኮፒ ይመስል ነበር።

በሳምንቱ የባጃጁን ፈቃድ ኮፒ ሊያስነሳ ሱቄ ሲመጣ አፋጠጥኩት። ሰፈርህን ከየት አመጣኸው ብለው ከጭንቅላቴ አለኝ። ማን አሳየህ፣ ስልኬን መቼ ከፈትክ አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እንደሱ ከሆነ አምባሰልን የዘፈነ ሁሉ ሌባ ነዋ፣ እታለም?» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ዘፈኑንም መቼ ቻልክበት» አልኩት።

ወረቀቱን ሳያስነሳ ወጣ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ስገለብጥ ውዬ ሰውን ገለበጥክ ብዬ የማባርር። ያን ጊዜ ግን እንዲህ አላሰብኩም። የበደለኝ እሱ፣ የተዘረፍኩት እኔ ነበርኩ። በዚያው ከሰዓት ለማኅበሬ ምሥጢሩን ዘርግፌ ነገርኩና የውጫሌን ሰፈሮች በሙሉ አንድ በአንድ በረታቸውን እየሰበርን ባዶ አስቀረናቸው። እሱ የእኔ ጎተራ የት እንዳለ እንደ ራሱ ያውቃል። አንድም ቀን አልወረረኝም። ያኔ እንደ ፍርሃት ነው የቆጠርኩት።

ዒድ መጣ፣ ማሩ ግን አልመጣም። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ከውጫሌ የሚመጡትን መኪናዎች ስቆጥር ዋልኩ፤ ለማን እንደምቆጥር ለራሴ እንኳ አልተናገርኩም። እናቴና አክስቴ በነገሩ ተጨነቁ፣ ጥሉ በስልክ ጨዋታ መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ ይብሱን ተናደዱ። በመጨረሻ ወሬው አያታችን ጋ ደረሰ። ሁለታችንም በአንድ ቀን እንድንመጣ ላኩብን።

አያቴ የሚኖሩት ከውጫሌ በታች፣ ከአምባሰል ተራራ ግርጌ ነው፤ ከአስፋልቱ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግር። ክረምቱን ሁሉ እዚያ ነበር ያደግነው። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ለደም እንኳ የሚጠሩ ሽማግሌ ነበሩ። የእኛንም ጉዳይ እንደዚያው ያዙት። ከወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ሁለታችንን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ አስጠነቀቁ፣ ከዚያ ከሳሽ ትቅደም አሉ። የዘጠና ዓመት ሰው ፊት ስለ ስልክ ጨዋታ ክስ ማሰማት እንዴት እንደሚያሳፍር ያኔ ገባኝ። ስጨርስ እሱ ተናገረ። አልሰረቅኩም፣ ቁጭ ብዬ አስቤ ያመጣሁት ነው፣ ለጓደኞቼም ያሳየሁት እኔ ነኝ አለ። ስሰማው እውነቱን እንደሆነ ታወቀኝ፤ ግን እኔም እውነቴን ነበር።

«እስቲ የተሰረቀውን አሳዩኝ» አሉ አያቴ።

ኔትወርክ የሚገኘው እሳቸው የተቀመጡባት ድንጋይ ላይ ብቻ ስለነበር አጠገባቸው ተጠጋግተን ስልኮቻችንን ከፈትን። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ይሄ ምንድን ነው፣ በር ነው። ይሄስ፣ በረት። ጎተራችሁስ? ሁለታችንም በአንድ ጊዜ በጣታችን ነካነው። አያቴ ዱላቸውን ይዘው ተነሱና ተከተሉኝ አሉ። ከግቢው በር አጠገብ ወዳለው በረት ገቡ፣ እበቱን በዱላቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ ጠፍጣፋው ድንጋይ ታየ።

ያ ድንጋይ የማሽላው ጉድጓድ ክዳን ነው። ሳየው ልጅነቴ በሙሉ ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ማሽላ ሊወጣ ሲል ድንጋዩ ይነሳና መጀመሪያ ፋኖስ ይወርዳል፤ ፋኖሱ ከጠፋ አየሩ መጥፎ ነው ማለት ስለሆነ ይጠበቃል። ካልጠፋ ሰውነቷ ቀላል የሆነችው ትወርዳለች፣ እሷም እኔ ነበርኩ። ወገቤን በጠፍር ታስሬ፣ ሙቀትና ኮምጣጣ ሽታ እየተቀበለኝ፣ እግሬ እህሉ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ይሰምጣል። በቁና እየሞላሁ እልካለሁ። ከላይ ገመዱን ከአያቴ ጋር የሚይዘው የአክስቴ ልጅ ነበር፤ ፊቱን ቁልቁል አስግጎ አለሽ ወይ እያለ በየመሐሉ ይጣራል፣ እኔም አለሁ እላለሁ። ስንት ክረምት እንዲህ አድርገናል። አንዳችን ከውስጥ፣ አንዳችን ከላይ ሆነን የምናውቀውን ጉድጓድ ሁለታችንም ረስተነው፣ ከጭንቅላታችን ያፈለቅነው መስሎን ስንካሰስ ከረምን።

«ሁለታችሁም ሰርቃችኋል» አሉ አያቴ። «ከኔ ነው የሰረቃችሁት። እኔም ከአባቴ። ወላሂ፣ ከዚህ እስከ ወንዙ ያለ ቤት ሁሉ ጉድጓዱ በረቱ ውስጥ ነው። ሌባውም እዚሁ ነው የሚወለድ፣ ያውቀዋል።»

ፍርዳቸው በረቱን አብረን እንድንጠርግ ሆነ። አዛባውን በእንቅብ እየተሸከምን እስከ ከሰዓት ስናመላልስ ዋልን። ሁለተኛው እንቅብ ላይ ሳቅን፣ አራተኛው ላይ እሱ ማንጎራጎር ጀመረ፣ እኔም ድምፁን አልነቀፍኩም። ወደ ቤት ስንገባ አያቴ እንደ ሁልጊዜው በሩን ተሻግሮ በስተቀኝ ካለው የጭቃ መደብ አራቁን። እሱ የእንግዳ መደብ ነው፤ ልጆች ሆነን እንኳ ስንዘልበት የሚቆጡን ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነበር። መሬት ቁርበት ላይ ተቀመጥን።

ልንሄድ ስንል ስልኮቹን እንደገና ጠየቁን፤ ከእኛ ጋር ተመልሰው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። መንገደኛ የሚያርፈው የት ነው አሉ። ማረፊያውን አሳየኋቸው። በዚያ በደረቀ፣ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ጎተራዬን ጫን ብለው ያዙት፣ እየጎተቱ ወሰዱት፣ መንገደኛ ማረፊያው ሥር ለቀቁት። የሱንም ስልክ ተቀብለው እንደዚያው አደረጉ። ከዚያ ስልኮቹን መለሱልንና ዱአ አድርገው ሸኙን።

መንገድ ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጣታቸው ስቶ ነው አልኩት። መንገደኛ ማረፊያው ሁሉም የሚገባበት፣ አጥር የሌለው፣ ወራሪው ሁሉ መጀመሪያ የሚረግጠው ቦታ ነው። ሰው ቀለቡን እዚያ ያስቀምጣል? አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ፣ ኔትወርክ እንዳገኘሁ ጎተራዬን ወደ በረቱ መለስኩት። እሱንም መልሰው አልኩት።

«ተዪ» አለኝ። «የሳቸው እጅ ነው፣ አልነካውም።»

ይሄ ልጅ እንዴት የራሱ ሐሳብ የለውም ብዬ በልቤ ታዘብኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት በጣም እወደዋለሁ። ማሩ ከዒዱ ዘግይቶም ቢሆን መጣ፤ ሁለት ማኅበሮቻችን አንድ ሆኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ቁጭ ስል እሱ ይደውላል፣ የጨዋታ ወሬ እናወራለን፣ ከማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ጥላ ውሃው ላይ ይረዝማል። ሬዲዮው ስለ ሰሜኑ ጦርነት ያወራል። ሩቅ ይመስለን ነበር፣ ሩቅ እንዲሆንም እንመኝ ነበር።

ዝናቡ ወጥቶ ማሽላው ሲጎመራ ጦርነቱ እኛው ጋ መጣ። ከውጫሌ ሰው በእግሩ ወደ ሐይቅ ይፈስ ጀመር፣ ትንሽ ቆይቶ ሐይቅም ተነሳ። የአክስቴ ልጅ እናቱን በባጃጁ ይዞ መጣ፤ እኔና እናቴም ተጨምረን አራት ሆነን ወደ ደሴ፣ ከዚያም ቁልቁል ሄድን። ቤንዚኑ ሲያልቅ ባጃጁን መንገድ ዳር ትተነው በእግራችን ቀጠልን። አያቴ አልመጡም። ከመነሳታችን በፊት በነበረው ቀን ከዚያች ድንጋይ ላይ ሆነው በስልክ አናግረውኛል። እባክዎ አባዬ፣ ይምጡ እያልኩ አለቀስኩ።

«ከብት ጥዬ የት እሄዳለሁ፣ እናቴ» አሉኝ። «አብሽሪ። እንግዳ ቢመጣ መደቡ አለ።»

በማግስቱ ኔትወርኩ ጠፋ። ድምፃቸውን ዳግመኛ አልሰማሁም።

ስንመለስ የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። አያቴ የልብ መድኃኒታቸው አልቆ በዚያው መሐል ሞተዋል። ያልሸሹት ጎረቤቶች ቀብረዋቸዋል፤ ከበላያቸው ድንጋይ ሰብስበን ብቻ ተመለስን። እንደሚገባ ባለማልቀሳችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ በዚያ ሰሞን ግን ሁሉም ሰው የሚያለቅስለት ሰው ነበረው። ቤታቸው ውስጥ የታጠቁ ሰዎች ሰንብተው ሄደዋል። በሩ ማገዶ ሆኗል። ከብቶቹ የሉም። በረቱ ውስጥ ጠፍጣፋው ድንጋይ ተገልብጦ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ቆሟል፣ ከሥሩ የቀረው እህል ቁና አይሞላም። አያቴ በየዓመቱ ራስ ራሱን መርጠው ለዘር ከምድጃው በላይ የሚሰቅሉት ማሽላም የለም። ማን እንደወሰደው አልጠየቅንም። እናቴና አክስቴ ያለቀሱት በዘሩ ነው። ያ ማሽላ አያቴ ከአባታቸው፣ እሳቸውም ከአባታቸው የተቀበሉት ነው፤ አገዳው እንደ ስኳር ይጣፍጣል፣ ልጆች ሆነን ጥርሳችን እስኪደማ አኝከነዋል። እርዳታ ዘር ይመጣል ተባለ። አክስቴ ይምጣ፣ የኛ ግን አይደለም አለች።

ሱቄም ተከፍቶ ነበር የጠበቀኝ፤ የሚያጓራው ማሽን የለም። ባለቤቱ ከደሴ አንዲት አሮጌ ትንሽ ማሽን ላከልኝ። ሥራ ስጀምር ግን የሚመጣው ባለጉዳይ እንደ ድሮው አልነበረም። ወረቀቶች ተቃጥለዋል፣ ተበትነዋል። ሰዎች በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ በጡታቸው ሥር፣ በጫማቸው ውስጥ ያተረፏትን ኮፒ ይዘው ይመጣሉ። አንድ አዛውንት የመሬት ደብተር ኮፒ ሰጡኝ፤ ዋናው ከቤታቸው ጋር ነዷል። ጥጉ ላይ ጥቁር ጥላ አለበት። የአውራ ጣቴ ጥላ ነው፣ ቸኩዬ ስይዘው ያበላሸሁት የራሴ ሥራ። መስታወቱን ሁለት ጊዜ ወልውዬ አስተኛሁት፣ ጣቴንም ከጥጉ አራቅኩ።

ኔትወርክ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። የመዝሪያው ወር ሲቃረብ የአክስቴ ልጅ ከውጫሌ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ሱቄ መጣ። ባጃጅ የለውም፣ ከስቷል፣ ዘፈኑንም ትቷል። ለወሬ ያህል ስልኬን አውጥቼ ሰፈራን ከፈትኩ። ሰፈሬ ወና ሆኗል። እኛ በሌለንበት ከዓለም ዙሪያ እየመጡ ደጋግመው ወርረውት በረቱን ሰብረዋል፣ ጎተራውን አራግፈዋል፣ ሰዎቼ አልቀዋል። ሳየው የአያቴ ግቢ ነው የታየኝ።

እሱም የራሱን ከፈተ። ሰዎቹ በሕይወት አሉ። ዝርዝሩን ወደ ታች ሳበው፤ ወረራው ከሽፏል፣ ወረራው ከሽፏል፣ ወረራው ከሽፏል። በእነዚያ ወራት ሁሉ በረቱን ሰብረዋል፣ መሐሉን አፍርሰዋል። ጎተራውን ማንም አላገኘውም።

«የት ነው ያስቀመጥከው?» አልኩት።

«እኔ አላስቀመጥኩትም» አለ። «አባዬ ያስቀመጡበት ነው ያለው።»

መንገደኛ ማረፊያው ሥር። ወራሪው ሁሉ እላዩ ላይ ቆሞ ወታደሮቹን ያሰልፋል፣ ከዚያ ጎተራ ፍለጋ ወደ ውስጥ ይሮጣል። ሁለታችንም ስልኩን ትተን ተያየን። ሱቁን በቀን በአራት ሰዓት ዘጋሁት።

አያቴ ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የእንግዳው መደብ እንዳለ ነበር። የተኙበት ሰዎች የሻማ ቅልጥ አንጠባጥበውበታል፣ ጠርዙን በጫማቸው ልጠውታል። እሱ ከጎረቤት የተዋስነውን ዶማ አነሳና ግማሽ መንገድ ላይ አቆመው፤ ያ የአያቴ ቁጣ ለካ እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ አለ። ቢስሚላሂ ብሎ መታው። በአራተኛው ድምፁ ተለወጠ። ጭቃውን በእጃችን እየፈለፈልን ስናነሳ የትልቅ ጋን አፍ ወጣ፣ በእበትና በአመድ የተመረገ። ምርጉን ሰበረና እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። አመድ የለበሰ ማሽላ በመዳፉ ይዞ አወጣ፤ ነፋ ሲያደርገው ፍሬው ቀይ ሆኖ ታየ፣ አንድም ነቀዝ አልነካውም።

መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በመቃብራቸው ላይ ያላለቀስኩትን ነው ያለቀስኩት። እኒያ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ለማንም ያልነገሩትን ቦታ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው እያሳዩኝ፣ እኔ ስሕተት ነው ብዬ አስፋልት እስክደርስ እንኳ ሳልታገስ አረምኩት። የራሴ ሐሳብ አለኝ ባይ ስለነበርኩ።

«አንተ ባትገለብጠው ኖሮ ጠፍቶ ነበር» አልኩት።

«እኔ አልገለበጥኩም፣ እታለም» አለኝ፤ እጁን መልሶ ጋኑ ውስጥ እየከተተ። «ተውኩት እንጂ። ነይ፣ አንቺ ነሽ ቀጭኗ፣ የታችኛውን አውጪው።»

ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከተትኩ። ከላይ አለሽ ወይ አለኝ፣ አለሁ አልኩት።

ዘሩ በዚያው ዓመት መሬት ገባ፣ መደቡንም ጋኑን ከውስጡ እንዳለ አድርገን መልሰን መረግነው። ሐይቅ ስመለስ ሰፈሬን ከአምስት ስደተኛና ከአንድ እሳት እንደገና ጀመርኩ። ጎተራው የት እንደሆነ አሁንም ለማንም አልናገርም። ከማን እንደቀዳሁት ለሚጠይቀኝ ግን እነግረዋለሁ።